ታወር ይተከላል ሲባል ምን እንጠይቅ?

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባ ሳይሆን ስለ ስልክ ታወር እንድናገር ተጠይቄያለሁ። «ከቤታችን አጠገብ ይተከላል ቢሉን ምን እንላለን? ጨረሩ ልጆቻችንን አይጎዳም ወይ?» የሚለው ነገር በየቡናው ይነሳል። ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የነበረን ቴሌ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ ሁለት ሲሆን ታወሩም ይበዛል፤ ጥያቄው ዛሬ የእኛን ደጅ ባያንኳኳ ነገ ያንኳኳል።

ኔትወርኩን እንፈልገዋለን፤ ይህን መደበቅ አያሻም። ሌሊት ምጥ ለያዛት እህት አምቡላንስ የሚጠራው በስልክ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ በረሃ የወረደ ልጅ ወባ ቢጥለው የምንሰማው በስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘብም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ክርክራችን «ይተከል ወይስ አይተከል» ብቻ ከሆነ ገና ከጅምሩ ተሸንፈናል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጨረሩ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከታወር የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሬዲዮናችን የሚቀበለው ዓይነት። እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ሕዋስ ሰብሮ የሚገባ አይደለም፤ ሲበዛ የሚያደርገው ማሞቅ ነው። ከምድጃ በራቅን ቁጥር ግለቱ እንደሚቀንስ ሁሉ ይህም በርቀት ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንቴናው የሚልከውም በአብዛኛው ወደ ጎን እንጂ ቀጥታ ወደ እግሩ ሥር አይደለም። እንዲያውም ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ጆሯችን ላይ የያዝነው ስልክ ታወሩን ለማግኘት አብዝቶ ይደክማል፤ ኃይሉንም ይጨምራል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2003 ዓ.ም. ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል፤ «ያመጣል» አላለም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ግምገማ ደግሞ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያው ተቋም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስን «ካንሰር ያመጣል» ብሎ በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። መብራት በሚጠፋበት አገር ታወር ሥር ምን ይቆማል? ጀነሬተር ነዋ! ጭሱ ወደ ማን መስኮት ይሄዳል? ድምፁስ በዚህ ቆላ ሙቀት ደጅ አልጋ ዘርግተን ስንተኛ ማንን ያነቃል? ናፍጣው ቢፈስ የሚወርደው ወደ ማን ጉድጓድ ነው? ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አንቴናውን ሲያይ፣ ከታች ያለውን ሞተር የሚጠይቅ ይጠፋል። በፀሐይ ኃይልና በባትሪ የሚሠሩ ታወሮች በአገራችን አሉ፤ ፀሐይ ደግሞ እኛ ጋ መች ጠፋችና! (ጭስ ካነሳን አይቀር፣ ከታወር ሁሉ የከፋው የራሳችን ማድቤት ነው። በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። የማገዶ ቆጣቢ ምድጃውን ነገር በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

ሁለተኛው ነገር ዛፉ ነው። «ከቤት ይራቅ» ስንል ብዙ ጊዜ «ወደ ጫካው ይሂድ» ማለታችን ነው። የታወሩ ቦታ ጠባብ ነው፤ ጣጣው ያለው ወደ እሱ በሚቀደደው መንገድ ላይ ነው። ናፍጣ የሚያመላልስ መኪና በገባበት ከሰል የሚያወጣ መኪናም ይገባል። በአርማጭሆም በመተማም የእጣን ዛፍ እንዴት እንደሳሳ የምታውቁት ናችሁ። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ እሳቱና ግጦሹ ችግኙን ማደግ ስለከለከሉት የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዩአል። እጣን ለቅማ ልጅ ለምታሳድግ ሴት ጫካው ባዶ ቦታ አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ መንገድ ቀድሞ ያለበት፣ ዛፍ የሌለበት፣ ከመኝታ ቤትና ከትምህርት ቤት ራቅ ያለ ቦታ ይሻላል። ቁራዋ አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ያለ ቦታ ሲሆንማ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ምንም እንኳ የፓርኩ ጠባቂዎችም ኔትወርክ ቢሹ።

አሜሪካ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ይህን ክርክር ሳታውቁት አትቀሩም። እዚያ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፣ ሞገዱ በተፈቀደው መጠን ውስጥ እስከሆነ ድረስ የአካባቢ አስተዳደር «ጨረሩን ፈራሁ» ብሎ ታወር እንዳይከለክል ያዛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በመንገድ ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀሉ ትንንሽ አንቴናዎች ዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደንቡ የጸደቀው ከቤት ምን ያህል ይራቅ በሚለው ላይ ነው። ፍርሃቱ ሰውን ሰበሰበ፤ የተለካው ግን ርቀቱ ነው።

የእኛ ሕግ መግቢያ በር አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 ሴቶች በልማት ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ፣ በተለይ ጥቅማቸውን በሚነካው ላይ፣ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ግን አባወራው ይሄዳል፤ እኛ ወሬውን እንሰማለን። ቦታው የሚከራይ ከሆነም ኪራዩን ማን ይቀበላል? በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በጋራ ይጻፋል። ስማችሁ ያለበት መሬት ላይ እናንተ ያላያችሁት ውል አይፈረም። ውሉ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሲያልቅ ብረቱን ማን እንደሚነቅል ይነበብላችሁ፤ ማንበብ የማትችሉ ከጸሐፊያችን ጋር ሂዱ።

ስብሰባ የተጠራ ቀን ከሦስት ያላነስን ሆነን እንሂድ። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትናገር «ተናጋሪ» ትባላለች። ስለ ጀነሬተሩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ መንገዱና ስለ ውሉ የምንጠይቀውን ቀድመን በጽሑፍ እናዘጋጅ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ይመታበት፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ከቁጠባ መዝገቡ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ትቆልፍበታለች።