ሳሙና የማያረፋ ውሃ

እሱ፦ የሚኒሶታው ፎርት ስኔሊንግ በ1820ዎቹ በኖራ ድንጋይ የተገነባ ምሽግ ነው። የአጠገቡ የኮልድዋተር ምንጭም ከኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ነው የሚፈልቀው። የወታደሩን ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ከጦሩ ቀለብ ይሰፈርላቸው ነበር። በዚህ ውሃ እንዴት ቻሉት?

እሷ፦ ተቸግረው ነዋ! ውሃው ከኖራ ድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም አዝሎ ይመጣል። ሳሙናው ከእነሱ ጋር ይጣበቅና አረፋው ይጠፋል፤ ግራጫ ዝቃጩ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ይቀራል።

እሱ፦ የዛሬው ዱቄት ሳሙናስ?

እሷ፦ አጋዥ አለው። በ1946 የወጣው ታይድ የተባለው ዱቄት ሳሙና ጉልበቱ ፎስፌት ነበር፤ ካልሲየሙን አፍኖ ይይዝለትና ቆሻሻ አንሺው ንጥረ ነገር ሥራውን ይሠራል።

እሱ፦ ታዲያ ፎስፌቱ ምነው ቀረ?

እሷ፦ ሐይቅ ሲገባ አልጌ ያፋፋል። ሐይቅ በሞላበት በሚኒሶታ ይሄ ቀልድ አይደለም! አሁን ዜዮላይት ካልሲየሙን ወስዶ ሶዲየም ይለቃል፤ ሲትሬት አስሮ ይይዘዋል፤ የልብስ ሶዳ ደግሞ አዝቅጦ ይጥለዋል። ይሄኛው ርካሽ ነው፣ ግን ዝቃጩ ልብሱ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

እሱ፦ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ግን የቧንቧውን ውሃ በኖራ ነው የሚያለሰልሱት። ኖራ ያከበደውን ኖራ ሲያቀለው!

እሷ፦ ኬሚስትሪ እንዲህ ያደርጋል። እንግዲህ ከከተማ ወጥታችሁ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ፣ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ፤ የከተማ ቧንቧ ያላችሁ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።