የአውታር መሣሪያዎች ኅብረትና የአብሮ መቃኘት ልማድ



በሁሩሙና በመቱ ገጠር ለቡና ጥላ የሚሆነው ዋንዛ ለመሰንቆና ለበገና ሥራም የሚመረጥ እንጨት ነው። ከአንድ የዛፍ ዓይነት የሚሠሩት መሣሪያዎች ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ ጣት ከጎኑ ይነካዋል እንጂ ከእጀታው እንጨት ጋር አያጣብቀውም። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፤ በገና ዐሥር። ኢሉባቦርን በመሰለ ዝናባም አገር ደግሞ ሣጥኑን የሸፈነው ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ የጠዋቱ ቅኝት እስከ ማታ አይጸናም።

አዝማሪ ብቻውን ሲጫወት ይህ ብዙም አያስቸግረውም። መሰንቆውን የሚቃኘው በገዛ ጉሮሮው ልክ ነውና ድምፁ ዝቅ ያለ ቀን መሰንቆውም አብሮት ዝቅ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ባለ ክራር አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። አውታር ሲጠብቅ ድምፁ እንደሚቀጥን መሐንዲስ ሁሉ በስሌት ያሳያል፤ ከሁለቱ ተጫዋቾች ማን ለማን ይላላ የሚለውን ግን ስሌቱ አይነግረንም።

ይህን ጥያቄ በአገራችን በሰፊው የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። መሥራቹ ግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ሲሆኑ፣ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ባለ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ሰበሰቡ። ኋላ አቶ ተስፋዬ ለማ መሩት። ለዘመናት ለብቻው ሲነገር የኖረ መሣሪያ የጎረቤቱን ድምፅ ሰምቶ እንዲከተል ማስለመድ ከድርሰቱ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጥቂት አባላቱ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ተጫወቱ። በ1975 ግን ቡድኑ ተበተነ።

በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተውና ዛሬ የቦሮዲን ኳርቴት የሚባለው ባለ አራት አውታረኞች ቡድን ከሰባ ዓመት በላይ ዘልቋል። የቼሎው ባለቤት ቫለንቲን በርሊንስኪ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ እስከ 2007 ከቦታቸው አልተነሡም። ሌሎቹ ተለዋውጠዋል፤ አራቱ በአንድ ጊዜ ግን አልተለወጡም። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ ነባሩን የሚያውቅ ጆሮ አጠገቡ አገኘ።

ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የቀረልን «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት በ23ኛው ቁጥር የወጣው ቅጂ ነው። እርሱም የሚያሰማው ተቃኝቶ ያለቀውን ነው፤ ቴፑ መዞር ሳይጀምር ማን ድምፅ እንደ ሰጠ፣ ማንስ አውታሩን እንዳላላ አይሰማበትም።