ሳያልፍ ያዙት
በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር

ዛሬ የሒሳብ ሪፖርት ይዤ ባለመምጣቴ ደስ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይታያል።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ክፍል ቡና እየተፈላ ልቤ በድንገት መሮጥ ሲጀምር ያያችሁ አላችሁ። ለእኔ አዲስ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ይመጣል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ቀጥ ይላል። ሕክምና ስደርስ ግን አልፏል፤ ኢሲጂ ተነሥቼ «ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው» ተብዬ እመለሳለሁ። እኔም አምኜ ነበር፤ ሁለት ልጅ የምታሳድግ፣ በዓመት መጨረሻ ሒሳብ የምትዘጋ ሴት መቼ ሳትጨነቅ ትውላለች? ያን ቀን ግን ውኃ አጠጥታችሁ ብቻ አልተዋችሁኝም። እየመታ ሳለ ወሰዳችሁኝ፤ መሣሪያው በደቂቃ 190 ምት መዘገበ።

ሐኪሙ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ካለች ትንሽ ቦታ ሞገድ ይነሣል፣ የላይኞቹን ክፍሎች ያዳርሳል፣ መሐል ላይ ጥቂት ዘግይቶ ወደ ታች ይወርድና ይጠፋል። እኔ ጋ ግን ትርፍ መንገድ አለ። ሞገዱ በአንዱ ወርዶ በሌላው ይመለሳል፤ ዙር ይሆናል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ማይንስ ይህን ዙር በ1913 በእንስሳት ልብ ላይ አሳይቶ ነበር።

ዙሩ ያለበትን ለማግኘት የልብ ካርታ ይሠራል። ካቴተር የሚባል ቀጭን ሽቦ በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ ልብ ይደርሳል፣ የልብን ግድግዳ ነጥብ በነጥብ ይነካል። በየነጥቡ ሞገዱ የደረሰበት ጊዜ በሺሕኛ ሰከንድ ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩ ቀድሞ የደረሰበትን ቀይ፣ የዘገየበትን ሐምራዊ ይቀባል። ዙር ካለ ቀዩና ሐምራዊው ጎን ለጎን ይገናኛሉ። እኛስ ሒሳብ አልገጥም ሲል ምን እናደርጋለን? ደረሰኞቹን በቀናቸው ደርድረን ብሩ የት እንደዞረ እንፈልጋለን! ቦታው ሲገኝ በካቴተሩ ጫፍ ሙቀት መንገዱ ይዘጋል።

ሁሉም የምት መዛባት እንዲህ ቀላል አይደለም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የላይኞቹ ክፍሎች ሞገድ ፈጽሞ ይተራመሳል፤ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በ1998 የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች ቀስቃሹ ብዙ ጊዜ ከሳንባ ደም በሚያመጡት ሥሮች ውስጥ እንደሚነሣ በካቴተር ተከታትለው አሳዩ። በአገራችን ደግሞ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቩን አበላሽቶ ይህንኑ ያመጣል። የልጆቻችሁን ጉሮሮ አትናቁ።

የእኔ ካርታ ገና አልተሠራም። ለጊዜው ኪኒን እወስዳለሁ፣ ገንዘብም አጠራቅማለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። «ልቤ ሮጠ» የምትል እህት ካለች የእጇን አንጓ ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ጻፉት፣ ሳያልፍ ወደ ሕክምና ውሰዷት። የታክሲው ከአስቸኳይ ሣጥናችን ይወጣል። ደረሰኝ ግን እንዳትረሱ።