ስለ ወጣቶች ጥበብና ስለ ጥቂት ገንዘብ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ ደብራችን ታሪክና ደክመው ስላቆሙልን አባቶችና እናቶች ብዙ ተነግሯል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ጥቂት ቃል ለመናገር የፈለግሁት ስላለፈው ሳይሆን ከእኛ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ይኸውም ወጣቶች ራሳቸው አስበው ራሳቸው ለሚመሩት የጥበብ ሥራ፥ ማለት ለሥዕል፥ ለዜማ፥ ለበገና፥ ለተውኔትና ለጽሕፈት፥ ጥቂት ገንዘብ መድቦ መስጠት የሚያስገኘውን ጥቅም ለማስረዳት ነው። በዚህ ንግግር የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ ለሰሚው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ሕንፃ ሲሠራ ዓይን ያየዋል፥ እጅም ይዳስሰዋል፤ ስለዚህ ለሕንፃ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። የእጅ ጥበብ ግን በሰው ውስጥ ያለ ሀብት ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ሲሞት ተማሪ ካላገኘ አብሮት ይቀበራል። ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ብርዕ ቀርጾ የሚጽፈው ሰው፥ በገና ቃኝቶ የሚደረድረው ሰው፥ ዛሬ አብዛኛው ዕድሜው የገፋ ነው። ከርሱ የሚማር ልጅ አሁን ካልተገኘ፥ ወደ ፊት በብዙ ገንዘብ ቢፈለግ አይገኝም። በሌላው ወገን ደግሞ ጥበብን የሚወድ ልጅ በደጃችን ሞልቶ ይኖራል። በሽማግሌውና በልጁ መካከል የጎደለው ነገር ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቀለም ዋጋ፥ የጅማት ዋጋ፥ የመመላለሻ ገንዘብ፥ አንድም የሚሰበሰቡበት ክፍል ነው። ይህን ጥቂት የሚሰጥ ስለ ጠፋ ግን ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ለወጣት የተሰጠ ርዳታ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፥ በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ልጆቹንም ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው መኖሪያና ደመወዝ ሰጧቸው፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው የመዝሙር ዜማ በ1930 በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ተሰማ። የዘመዱም የነርሲስ ናልባንዲያን ድካም በማዘጋጃ ቤትና በፖሊስ የሙዚቃ ጓድ እስከ ዛሬ የሚታሰብ ነው። እንግዲህ አስተውሉ። ቤትም ወላጅም የሌላቸው ልጆች መጠጊያና መሣሪያ ስላገኙ፥ የተቀበላቸው አገር ከነርሱ ሙዚቃ ተቀበለ። የተጠቀመው ማን ነው ቢባል፥ ተቀባዮቹ ብቻ አይደሉም፤ ሰጪውም ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1947 ገና በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ነገር ግን መምህራኑ የሥዕል ተሰጥዎአቸውን ስላዩ ወደ ሥዕል ትምህርት አዘነበሉ፥ በኋላም ለንደን ከተማ ስሌድ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ሜትር ካሬ የሚሆነው ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል የርሳቸው ሥራ ነው። ልጁ የተላከበት ጉዳይ አንድ ሲሆን ያፈራው ፍሬ ሌላ ሆነ። «ማዕድን ተማር ብለን ልከንሃልና ከዚያ አትውጣ» ተብለው ቢታሰሩ ኖሮ ያ መስታወት ዛሬ ብርሃን ባላስተላለፈም ነበር። ስለዚህ ለወጣት የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ልጁ መንገዱን የሚመርጥበትንም ስፍራ አብሮ መስጠት ይገባዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን ከሁሉ ይልቅ ወደ እኛ የሚቀርብ ነው። የበገና መምህር ዓለሙ አጋ በእንጦጦ ተወልደው ሲያድጉ፥ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና ሊቅ በጎረቤታቸው መጥተው ተቀመጡ። ልጁም ከርሳቸው ተማረ። አድጎም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ፥ ድምፁም በውጭ አገር ሳይቀር ተሰማ። በዚህ ታሪክ ውስጥ መርከብም የለ፥ የባሕር ማዶ ትምህርትም የለ፤ ያለው አንድ ጎረቤትና አንድ የተከፈተ በር ነው። ይሁን እንጂ ለስንቱ ልጅ እንዲህ ያለ ጎረቤት በዕድል ይገጥመዋል? ዕድል ያላገናኘውን ማኅበር አስቦ ያገናኘዋል፤ የደብር ሥራም ይህ ነው።

በገናን ለአብነት ልውሰድ። 10 አውታር አለው፤ አውታሩም የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። ያ የሚነዝረው ልዩ ድምፅ የሚወጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል በሚገባው ትንንሽ ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። እንጨቱን የሚጠርብ፥ ቆዳውን የሚወጥር፥ አንጀቱን አድርቆ የሚያከር፥ ቅኝቱን የሚያውቅ ያስፈልጋል። አንድ በገና ሲገዛ እንግዲህ ደራሹ ብቻ ሳይሆን ሠሪውም እንጀራ ይበላል፥ ሙያውም ይቆያል። አምስት ወጣቶች አንድ በገና በጋራ ቢያገኙና አንድ ሽማግሌ በሳምንት አንድ ቀን ቢያስተምራቸው፥ ወጪው ለአንድ ግብዣ ከምናወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

አባቶቼ፥ ከቤተ መንግሥት የሚወጣ ስጦታ ታላቅ ቢሆንም የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ጥቂት ገንዘብ ለብዙ ወጣት የሚሰጡበትን ሥርዓት ማየት ይጠቅመናል። በእንግሊዝ አገር በ1976 በዚያን ጊዜ ልዑል የነበሩት የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ከባሕር ኃይል ሲወጡ በተሰጣቸው 7,400 ፓውንድ ወጣቶችን የሚረዳ ማኅበር አቆሙ። መጀመሪያ የተረዱት ለሙከራ የተመረጡ 21 ትንንሽ ሥራዎች ነበሩ። ማኅበሩ እየሰፋ ሄዶ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ወጣቶችን ረዳ፤ በ2024ም ስሙ የንጉሡ ማኅበር ተባለ። ከተረዱትም አንዱ በምሥራቅ ለንደን ያደገው፥ አባቱ ከሴራሊዮን እናቱም ከጋና የመጡ ኢድሪስ ኤልባ ነው። ወጣት ሳለ 1,500 ፓውንድ ተሰጥቶት ወደ ወጣቶች የሙዚቃ ቴአትር ለመግባት ቻለ፤ ዛሬ ስሙ በዓለም የታወቀ ተዋናይ ነው። ያ ገንዘብ ለሰጪው ብዙ አልነበረም፤ ለተቀባዩ ግን የተዘጋ በር ቁልፍ ሆነለት።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ባወጣው ደንብ፥ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ቢያንስ አምስት ወጣቶች ተሰብስበው ለሰፈራቸው የሚጠቅም ሥራ ራሳቸው አቅደው ቢያቀርቡ፥ ከ2 እስከ 12 ወር ለሚቆይ ሥራ ጥቂት ገንዘብ እንዲሰጣቸው ፈቀደ። የሚያማክራቸው ሰው መያዝ ይችላሉ፤ የሥራው መሪዎች ግን እነርሱው ናቸው። ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ገንዘብ አሰባስቦ በተራ ለአንዱ ማድረስን፥ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ ሒሳብ መያዝን ከማንም አይማርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ናቸውና።

እንግዲህ በደብራችን ቢደረግ መልካም ነው የምለው አሠራር ይህ ነው።

አንደኛ፥ ለኢዮቤልዩው ከተሰበሰበው ገንዘብ ከመቶ 5 እጅ ተለይቶ በተለየ መዝገብ ይቀመጥ፤ ለሌላ ጉዳይም አይነካ።

ሁለተኛ፥ ጠያቂዎቹ ከአምስት የማያንሱ ወጣቶች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ይሁኑ። ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ፥ ከማን እንደሚማሩ፥ ምን እንደሚገዙ፥ መቼ እንደሚፈጽሙ በአንድ ገጽ ጽፈው ያቅርቡ። ከአንድ ገጽ በላይ አይጠየቁ፤ ረዥም ማመልከቻ የሚያስመርጠው ጥበበኛውን ሳይሆን ማመልከቻ መጻፍ የሚችለውን ነውና። መጻፍ የሚያስቸግረውም በቃሉ ይናገር፥ ጸሐፊው ይጻፍለት።

ሦስተኛ፥ ገንዘቡ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ። «መጀመሪያ ከኪሳችሁ አውጡ፥ በኋላ በደረሰኝ እንተካላችኋለን» ማለት ለድኻ ልጅ መከልከል ነው። በእጁ ያለው ብቻ ይጠይቃል፥ የሌለው ይቀራል፤ ስጦታችንም ለማያስፈልገው ይሆናል።

አራተኛ፥ አንድ ካህንና ሁለት ምእመናን፥ ከነርሱም ጋር ሁለት ወጣቶች፥ መራጮች ይሁኑ። የራሳቸውን ልጅ ጉዳይ በሚያዩበት ቀን ግን ከስብሰባው ይውጡ።

አምስተኛ፥ ሥራው ሲፈጸም ወጣቶቹ በሕዝብ ፊት ያሳዩ፥ ሒሳባቸውንም ያንብቡ። ያልተሳካ ሥራ ቢኖር ስለምን እንዳልተሳካ ይናገሩ እንጂ አይሰደቡ፤ ገንዘቡንም መልሱ አይባሉ። የተሰደበ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም፥ ሲሰደብ ያየውም ልጅ መጀመሪያውኑ አይጠይቅም። ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያዋለ ቢገኝ ግን ነገሩ ሌላ ስለ ሆነ በሽማግሌ ይታይ።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ መኖሩን አውቃለሁ፤ ሊናቅም አይገባውም። አንዳንዱ «የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ዜማ ሥርዓት አለው፤ ለልጆች ምርጫ ብንተወው ይበላሻል» ይላል። እውነት ነው፤ ለመቅደስ የሚሆን ሥዕልና ዜማ በካህናት ትምህርትና ፈቃድ እንጂ በማንም አሳብ አይሠራም፤ ይህም አይለወጥም። ነገር ግን የሽማግሌዎችን ታሪክ ሰብስቦ መጻፍ፥ ስለ ሰፈሩ ኑሮ ተውኔት ማዘጋጀት፥ የገበያውንና የእናቶችን ሥራ በሥዕል ማሳየት ወጣቶች በነጻነት የሚሠሩት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃል፤ አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን መከልከል አያስፈልግም።

ሌላው ደግሞ «የሕንፃው ጣሪያ ሲያፈስ ለሥዕልና ለተውኔት ገንዘብ እንዴት ይወጣል?» ይል ይሆናል። ከመቶ 95 እጁ ለጣሪያውና ለሌላው ጉዳይ ይቀራል። ደግሞም በጣሪያው ሥር የሚቀመጥ ትውልድ ከሌለ ጣሪያው ለማን ይታደሳል? ወጣት ከደብር የሚርቀው ሁልጊዜ ሃይማኖቱን ጠልቶ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ከመስማት በቀር የሚሰጠው ሥራ ስላጣ ነው። ሥራ የተሰጠው፥ ገንዘብ የታመነበት፥ ስሙም በመዝገብ የተጻፈ ልጅ ይህን ደጅ የራሱ አድርጎ ያየዋል።

ሦስተኛው ወገን ስለ ሴቶች ልጆች ይጠይቃል፤ በማታ ጉባኤ ይቸገራሉና። ስለዚህ የመለማመጃው ሰዓት ከምሽት በፊት ይሁን፥ ክፍሉም በደብሩ ግቢ ውስጥ የተከፈተና የሚታይ ይሁን። በገናም ሆነ ቀለም ለወንድ ብቻ የተለየ ሙያ አይደለም።

ለወጣቶች ልጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የሚሰጣችሁ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የተዋጣውም እንጀራ ሽጣ ከምታድር እናትና በጡረታ ከሚኖር ሽማግሌ ጭምር ነው። ስለዚህ በምትገዙት ቀለም ሁሉ ይህ ይታሰባችሁ። ወደ ሽማግሌዎቹም ስትሄዱ ሙያቸውን ለመንጠቅ ሳይሆን ለመቀበል ሂዱ። እናንተም ሽማግሌዎች፥ ልጆቹ ሲሳሳቱ በቁጣ አትመልሷቸው፤ የመጀመሪያው ቅኝት ጆሮ ያሳምማል፥ የመጀመሪያውም ሥዕል መልክ የለውም፤ ታላቁ ሊቅም በዚያው አልፏል።

ክቡራን ሆይ፥ በሚመጣው የሰበካ ጉባኤ ይህ ጉዳይ ተቈርጦ እንዲወሰን በትሕትና እለምናለሁ። አሳቡ መልካም ነው ተብሎ ተመስግኖ ቢያድር የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌውም አንድ ዓመት ይጨምራል፥ እጁም ይደክማል። ሕንፃ ለከርሞ ቢቆይ ከርሞ ይሠራል፤ የሊቅ ዕድሜ ግን ለከርሞ አይቀጠርም።

ይህን በዓል ለማየት ያበቃን አምላክ፥ ከእኛ የተረከቡት ወጣቶች ደግሞ የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ በራሳቸው ዜማና በራሳቸው እጅ ሥራ አስጊጠው እንዲያከብሩት ይርዳቸው። አሜን።