ወሰኑም ከሰው ጋር ይሂድ
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ተቆጥሮ፣ ምርጫ ቦርድ ሐሳብ አቅርቦ፣ የምርጫ ክልሎችን ወሰን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ደንግጓል። በ1999 ዓ.ም. ተቆጠርን፤ የ2011ዱ ቆጠራ ግን ተራዘመ። በዚህ መሐል ስንቱ ጎረቤታችን ከልደታ ተነሥቶ ጀሞና አያት ገባ! በ2013ቱ ምርጫ አዲስ አበባ የቀረበችው በዚያው በድሮው 23 ወንበር ነው። ሰው በበዛበት ሰፈር አንድ ወንበር ለብዙ፣ በሳሳበት ለጥቂት ከሆነ የድምፅ እኩልነቱ ታዲያ ምኑ ላይ ነው?

ወንበር ይጨመር የሚሉ አሉ። ጣሪያው 550 ነው፤ በ2013 የተደለደለው 547 ነበር። እንግዲህ ከጥቂት ወንበር በቀር አንዱ ሳያጣ ሌላው አያገኝም፤ ነገሩን ደፍሮ የሚነካው የጠፋውም ለዚሁ ይመስለናል።

እኛ የምንጠይቀው ቆጠራው እንዲካሄድ፣ የወሰኑም ረቂቅ ካርታ ከመጽደቁ በፊት በየወረዳው ሰሌዳ ተለጥፎ ነዋሪው እንዲናገርበት ነው።