የማይታይ ሕመም እንዳይናቅ
(በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሕመምሽ ንገሪን» ሲሉኝ አፍሬ ነበር። የኔ ሕመም አይታይማ! አላበጠም፣ አልቆሰለም። ግን ጧት ስነሣ ሌሊቱን በዱላ ሲቀጠቅጡኝ ያደሩ ያህል ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ያመኛል።

መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባልሁ። የጮቄ ብርድ ቀልድ አይደለምና አመንሁ። ታሸሁ፣ ዋግምት ታገምሁ። ደሜ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣሁ፤ «ምንም የለብሽም» አሉኝ። ይህች ቃል ከሕመሙ ይልቅ ጎዳችኝ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት «ሰነፈች» ቢል ምን መልስ አለኝ? በኋላ አንድ ሐኪም ረጋ ብለው ጠይቀው ስሙን ነገሩኝ፤ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል።

ይህ ሕመም መገጣጠሚያን አይበላም፣ አያሽመደምድም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ችግሩ ሕመምን ወደ አንጎል በሚያደርሰውና በሚመዝነው የነርቭ ሥርዓት ላይ ነው። ድምፁ ከልክ በላይ እንደ ተከፈተ ራዲዮ ማለት ነው፤ ትንሹ ነገር ይጮኻል። ስለዚህ ራጅ ላይ አይታይም፤ ውሸት ግን አይደለም። በሴቶች ላይ ይበዛል፣ ወንዶችንም ይይዛል።

ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ 18 የሰውነት ቦታዎችን በጣት እየተጫኑ ይለዩት ነበር። ከ2010 ወዲህ ግን ይበልጥ የሚጠይቁት ሕመሙ ስንት ቦታ እንዳለ፣ ድካሙን፣ የማያሳርፍ እንቅልፍንና የመርሳትን ነገር ነው፤ ይህም 3 ወር ሲዘልቅ ነው። ታዲያ ራስን በራስ መመርመር አይገባም። ትኩሳት፣ መክሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የመገጣጠሚያ እብጠት ካለ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያቀል ግን አለ። ከሁሉ የጠቀመኝ እንቅስቃሴ ነው። በ10 ደቂቃ እርምጃ ጀመርሁ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጨመርሁ። ሕመሙ ረገብ ባለ ቀን እንጀራውንም፣ ውኃውንም፣ ልብሱንም አንድ ላይ ልጨርስ ስል ሦስት ቀን እተኛ ነበር፤ አሁን ሥራውን ከፋፍዬ እሠራለሁ። ከቀትር በኋላ ቡና አልጠጣም፣ በሰዓቱ እተኛለሁ። ሐኪም ያዘዘልኝን አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ በትንሽ መጠን እወስዳለሁ። ዲክሎፌናክን እንደ ቆሎ መቃም ግን ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። ወንፈል ስንወጣ ግማሽ ቀን ሠርቼ ብቀመጥ «አስመሳይ» አትበሉኝ። ባሎችም ሚስቶቻችሁ «አመመኝ» ሲሉ እመኑአቸው፤ ጀሪካኑንም ተቀበሏቸው። እኔን ከዱላው ሕመም ይልቅ የሰበረኝ አለመታመኔ ነበር፤ ያነሣኝም ባለቤቴ «አምንሻለሁ» ያለኝ ቀን ነው።