ከአርባ ቀን በፊት የሚደርስ ቀጠሮ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍሎች ሁልጊዜ የምናቀርብላችሁ የብር ቁጥር ነው። ዛሬ የቀን ቁጥር ይዘን መጥተናል፦ 30 ቀን። ጊዜው ሳይደርስ በጣም ቀድሞ የተወለደ ሕፃን፣ በአብዛኛው በተወለደ በ30 ቀን ውስጥ ዓይኑ በሐኪም መታየት አለበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ሬቲና ይሉታል። ሬቲናን የሚመግቡት የደም ሥሮች አድገው የሚጨርሱት የመውለጃው ጊዜ ሲቃረብ ነው። ሕፃኑ ቀድሞ ከመጣ ሥሮቹ ሳይጨርሱ ይቀራሉ። በኋላም ያለ ሥርዓት እያደጉ ሬቲናውን ጎትተው ከቦታው ሊያላቅቁት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ይጠፋል። ከውጭ ሲታይ ግን ዓይኑ ጤነኛ ይመስላል፤ እናት አይታ ልታውቀው አትችልም። ይበልጥ የሚያሰጋው ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱና ከ1,500 ግራም በታች ለሆኑ ነው። እንደ እኛ ባለ አገር ግን ከዚያ የሚከብዱትንም ይይዛል።

ኦክስጅንም ድርሻ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሀብታም አገሮች ያለ ልክ የተሰጠ ኦክስጅን ብዙ ሕፃናትን አሳወረ፤ በ1950 ያለጊዜው የተወለደው ዘፋኙ ስቲቪ ወንደር አንዱ ነው። ከዚያ ደግሞ በፍርሃት ኦክስጅኑ ሲቀነስ ሌሎች ሕፃናት ሞቱ። ስለዚህ ልጃችን ኦክስጅን ሲሰጠው አንከልክል፤ ልኩ በመሣሪያ እየታየ መሆኑን ግን በትሕትና እንጠይቅ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በባህላችን አራስ ከቤት አትወጣም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ ሕፃኑን ከብርድና ከሰው ዓይን እንጠብቃለን። የጉናን ብርድ የሚያውቅ ይህን ልማድ አይንቅም። ነገር ግን የዓይን ቀጠሮው ከአርባውም ከሰማንያውም ይቀድማል። ሕፃኑን ደረት ላይ አድርጎ፣ ገላ ለገላ ሸፍኖ መውሰድ ይቻላል፤ ክርስትናውም በቀኑ ይደርሳል።

ምርመራው በየሆስፒታሉ አይገኝም። ከገሳይ ደብረ ታቦር ደርሶ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። በሽታው ከጠና ሌዘር ወይም የዓይን መርፌ አለው፤ ሆኖም ሕክምናው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። የእኛ ብድር የሚፈቀደው ግን በወር አንድ ጊዜ በሚደረገው ስብሰባ ነው። ስብሰባ ስንጠብቅ 30 ቀኑ ያልቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታጸድቁልን እንለምናለን።

አንደኛ፣ አባል ያለጊዜው ስትወልድ የቡድኗ ጸሐፊ የልደቱን ቀንና 30ኛውን ቀን በመዝገብ ትጻፍ፤ ከሆስፒታል ስትወጣም «የዓይን ምርመራው የትና መቼ ነው?» ብላ የምትጠይቅላት ሴት አብራት ትሁን።

ሁለተኛ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ ከማኅበራዊ ፈንዱ ስብሰባ ሳይጠበቅ፣ በሰብሳቢዋና በገንዘብ ያዥዋ ፊርማ በዕለቱ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ወጪው በራሱ ርዕስ ይመዝገብ፤ አባላትም ለጋሾችም እያንዳንዱ ብር የት እንደዋለ በየሩብ ዓመቱ ያያሉ።

በዓይኑ ብርሃን ያጣ ልጅም ልጃችን ነው፤ ይማራል፣ ይሠራል፣ እንደግፈዋለንም። ነገር ግን ሊድን የሚችል ዓይን በትራንስፖርት ብር እጦትና በቀጠሮ መዘንጋት እንዳይጠፋ ማድረግ በእጃችን ነው።

አሁን ሐሳቡን ለውይይትና ለድምፅ እናቀርባለን።